«በርቱ» ያለ ሁሉ ገዢ አይደለም

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኛዬ አዲስ አበባ ውስጥ የተላጠና የተከተፈ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ቤት ድረስ የሚያመጣ አፕ ሠርተናል። ከመጀመራችን በፊት በቴሌግራም መጠይቅ በትነን 212 ሰው መለሰልን። 181ዱ «እጠቀማለሁ» አሉ። አፑ ሰባት ወር ፈጀብን። ከለቀቅነው ስድስት ሳምንት ሆኖታል። 340 ሰው ስልኩ ላይ ጭኖታል፤ ያዘዙት ግን 23 ብቻ ናቸው። ከነሱም 11ዱ ዘመድና ጓደኛ ናቸው። የቀረን 190 ሺህ ብር ነው። ጓደኛዬ «ሰው ስላላወቀን ነው፣ ማስታወቂያ እናሠራበት» ይላል። እኔ ደግሞ ፍላጎት የለም፣ ብሩ ሳያልቅ እንተወው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ? መጠይቁንና የትዕዛዞቹን ዝርዝር አያይዣለሁ።

ምላሽ፦ ሁለታችሁም አይደላችሁም። ጓደኛሽ ፍላጎት እንዳለ እርግጠኛ ነው። አንቺ እንደሌለ እርግጠኛ ነሽ። የላክሽልኝ ወረቀት ግን ለሁለታችሁም አይመሰክርም። ሽንኩርቱን ማን እንደሚፈልገው እስካሁን የጠየቃችሁት ሰው የለም።

«እንዴ፣ 212 ሰው ጠየቅን እኮ!» እንደምትዪ አውቃለሁ። መጠይቁን አየሁት። ጥያቄው «የተከተፈ ሽንኩርት ቤትዎ ድረስ የሚያመጣ አገልግሎት ቢኖር ይጠቀማሉ?» ይላል። እስቲ ይህን አንብቦ አይ የሚል ማን ነው? አዎ ማለት በነጻ ነው። አይ ማለት ግን ያስከፍላል፤ በተለይ ሊንኩን የላክሽው አንቺ ራስሽ ከሆንሽ።

ሰው ስለ ወደፊቱ ሲጠየቅ ራሱን አሳምሮ ነው የሚገምተው። ይህ የትም አገር ያለ ነገር ነው። ከጥር ጀምሮ ጂም እገባለሁ እንደሚለው ሰው ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን በዚያ ላይ ይሉኝታ ይጨመራል። ወጣት ልጅ ሥራ ልጀምር ነው ብሎ ሲመጣ ሞራሉን መንካት ነውር ነው። ስለዚህ ይመረቃል። ለዚህ ሥራ የሚሆን አንድ አጭር መዝገበ ቃላት አለኝ። «በርቱ» ማለት ደስ ብሎኛል፣ በሉ ሂዱ ማለት ነው። «ስትጀምሩ ንገሩኝ» ማለት አሁን ምንም አትጠይቁኝ ማለት ነው። «እናያለን» ማለት አይ ማለት ነው። ገና አስረድተሽ ሳትጨርሺ «ቆይ፣ ኪሎው ስንት ነው? ቅዳሜ ታመጣላችሁ?» ብሎ የሚያቋርጥሽ ሰው ካገኘሽ ግን ስልኩን ተቀበዪ።

እኔም በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ከሁለት ልጆች ጋር ሆነን ለሰፈር ሱቆች የዱቤ መመዝገቢያ ሠርተን ነበር። ባለሱቁ ደብተሩን ትቶ በስልኩ እንዲመዘግብ ነው። አርባ ምናምን ሱቅ ዞርን። ሁሉም አደነቁን፣ ለስላሳ የጋበዙንም አሉ። ስድስት ወር ሠርተን ስንመለስ ሦስቱ ብቻ ጫኑት። በሁለተኛው ሳምንት አንድም የሚጠቀም አልነበረም። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ስልኬ ባትሪ አይዝም»፣ «ልጄ ሲመጣ ያሳየኛል» ነበር መልሱ። አመንናቸው። ስለዚህ አፑን ባትሪ እንዳይበላ አድርገን እንደገና ሠራነው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ጋ ግማሽ ቀን ቁጭ አልኩ። ምንም አልጠየቅኳቸውም። ዱቤ የሚወስድ ሰው ሲመጣ ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ። ተበዳሪው አንገቱን አስግጎ ያያል። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም «ዘይቱን አትድገሙት፣ ባለፈው ጽፈውታል» አለቻቸው። ያኔ ገባኝ። ደብተሩ የሁለቱ ምስክር ነው። ስልክ ውስጥ ከገባ የሚያየው ባለሱቁ ብቻ ነው፤ ደንበኛው አያምነውም። ማምሻውን ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ነገ ግብር ሰብሳቢው እጅ ቢገባስ?» አሉኝ። ይህን አርባ ሱቅ ውስጥ ማንም አልነገረኝም። እንዴት ይነገረኛል? እኔ የጠየቅኩት አፑን ወደዱት ወይ ብዬ ነዋ።

ወደ እናንተ ዝርዝር ልመለስ። 11ዱን ዘመዶች ለጊዜው እርሻቸው፤ ውለታ ነው የዋሉላችሁ። 12 ሰው ቀረ። ቀኖቹን ተመልከቺ። ከ12ቱ ሰባቱ ያዘዙት ከፋሲካ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ነው። የዶሮ ወጥ ዋዜማ ላይ ሽንኩርት የማይከተፍበት ቤት የለም፤ በኪሎ ነው የሚሄደው። ከሰባቱ ተመልሶ ያዘዘ የለም። ያ ሽያጭ የበዓሉ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። በነገራችን ላይ ስድስቱ ሳምንት ግማሹ ሁዳዴ፣ ግማሹ ፍስክ ነው። በሁለቱ ወቅት ቤት የሚሠራው ወጥ ስለሚለያይ አንድ ላይ ደምረሽ አማካይ ብታወጪበት ቁጥሩ ምንም አይነግርሽም። ከቀሩት አምስት ሰዎች አራቱ አንድ አንድ ጊዜ አዝዘዋል። አንዱ ግን ሦስት ጊዜ። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ፤ ከሁሉ በላይ የገረመኝ እሱ ነው።

የ340ው ነገር የጓደኛሽን ክርክር ነው የሚያፈርሰው። «ሰው ስላላወቀን ነው» ይላል። 340 ሰው አውቋችኋል። ስልኩ ላይ ጭኖ፣ ከፍቶ፣ ዋጋውን አይቶ፣ 317ቱ ሳያዝ ዘግቶታል። ማስታወቂያ የሚያመጣላችሁ እንደነዚህ 317 ያሉ ሌላ ሦስት ሺህ ሰዎችን ነው። መጀመሪያ እነዚህ ለምን እንደዘጉት እንወቅ።

እንዴት ይታወቃል? እቤታቸው ሂጂ። ስልክ ደውለሽ «አፓችንን እንዴት አገኙት?» ብትዪ የምታገኚው መልስ ያው ምርቃት ነው። ስለዚህ ስለ አፑ አታንሺ። ስለ ወደፊቱም አትጠይቂ። ስለ ትናንት ጠይቂ። ትናንት ማታ ምን ተሠራ? ሽንኩርቱን ማን ከተፈው? መቼ ተገዛ፣ ከየት፣ ስንት ኪሎ? ማን ሄዶ ገዛው? ሰው ያደረገውን ሲያወራ ይሉኝታም ምኞትም ብዙ ቦታ አያገኙም። ሽንኩርቱን የከተፈው ሰው ያው የከተፈው ነው።

ምን እንደምትሰሚ በከፊል ልነግርሽ እችላለሁ። ብዙ የከተማ ሠራተኛ ሴቶች ቅዳሜ ወይም እሑድ ለሳምንት የሚበቃ ሽንኩርት ከትፈው፣ አቁላልተው፣ በፕላስቲክ ዕቃ ከፋፍለው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጣሉ። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ያን ቁሌት አውጥተው ወጡን በአጭር ጊዜ ያደርሳሉ። ተፎካካሪያችሁ ሌላ አፕ መስሏችሁ ይሆናል። ተፎካካሪያችሁ ያቺ የቅዳሜ ድስት ናት። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ሴትየዋ የተከተፈ ሽንኩርት ላትፈልግ ትችላለች፤ የምትፈልገው ያለቀለት ቁሌት ሊሆን ይችላል። ወይም ጨርሶ ምንም። ይህን እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ላውቀው አልችልም፤ አንቺ ማድ ቤት ገብተሽ ነው የምታውቂው።

ሠራተኛ ያለችበት ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የወር ደሞዝ ይከፈላታል። ሽንኩርት መክተፏ ለቤቱ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ለተከተፈ ሽንኩርት ተጨማሪ ክፈሉ ስትያቸው እመቤቲቱ ጮክ ብላ ባትናገረውም በልቧ «ታዲያ ልጅቷ ምን ልትሠራ ነው?» ትላለች። መጠይቁ ላይ ግን አዎ ብላ ሞልታለች፤ ሊንኩን ቢሮ ቁጭ ብላ ስለከፈተችው። አፑን የሚጭነው፣ ብሩን የሚከፍለውና ቢላዋውን የሚይዘው ሦስት የተለያየ ሰው ሊሆን ይችላል። እናንተ ያናገራችሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ሳትጠይቂ እንዳትወጪ። ሰው «ኧረ ሽንኩርት መክተፍ እንዴት ያሰለቻል መሰለሽ!» ካለሽ «ለመገላገል እስካሁን ምን ሞከሩ?» በዪ። መፍጫ ማሽን ገዝታ ከሆነ፣ ለጎረቤት ልጅ ከፍላ አስከትፋ ከሆነ፣ ችግሩ እውነተኛ ነው። ምንም አልሞከረች ከሆነ ማማረሯ ነው እንጂ ልትከፍል አይደለም። ብዙ ስታርትአፕ የሚሞተው የሰውን ምሬት እንደ ገበያ ቆጥሮ ነው።

ስምንት አሥር ቤት ከገባሽ በኋላ ወሬው መደጋገም ይጀምራል። ያኔ አቁሚና ሽያጭ ጀምሪ። በአፑ ግን አይደለም። አፑን ለአንድ ወር እርሺው።

ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሰባት ወር ነው። ግን ራይድን አስታውሺ። መሥራቿ ሳምራዊት ፍቅሩ ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለ ድርጅቷን ይዛ የታክሲ ጥሪውን ስትጀምር በጽሑፍ መልእክት ነበር። ዛሬም ኢንተርኔት የሌለው ሰው 8294 ላይ ደውሎ መኪና ያስመጣል። ሰውየው የፈለገው መኪናው በሩ ላይ እንዲቆምና በዋጋ እንዳይጨቃጨቅ ነው፤ በምን መንገድ እንደተጠራ ግድ አይሰጠውም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዛፖስ የሚባለው የጫማ መሸጫ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀመር መጋዘን አልነበረውም። መሥራቹ ኒክ ስዊንመርን ሰፈሩ ያሉ ጫማ ቤቶች ገብቶ የጫማዎቹን ፎቶ አነሳና ድረ ገጹ ላይ ለጠፈ። ሰው ሲያዝ ሱቁ ሄዶ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ይልካል። አላተረፈበትም። ግን ሰው ሳይለካው ጫማ በኢንተርኔት ይገዛል ወይ የሚለውን ጥያቄ ፎቶ በማንሳት ብቻ መለሰ። ከአሥር ዓመት በኋላ አማዞን ድርጅቱን ገዛው።

እናንተም አንድ የቴሌግራም አካውንት፣ አንድ ስልክ፣ ሁለት ቢላዋና ንጹሕ ማድ ቤት ይበቃችኋል። ዋናው ነገር ገንዘቡ ቀድሞ እንዲመጣ ነው። ለዚህ ደግሞ ከባሕር ማዶ ቃል መዋስ አያስፈልግም፤ ቀብድ የሚባል ነገር አለን። አናጢው ቁም ሳጥን ሊሠራልሽ እንጨት ከመግዛቱ በፊት ቀብድ ይቀበላል። ልብስ ሰፊውም እንዲሁ። ሰውየው ቀልዱን ይሁን ከምሩ የሚለዩት በዚያ ነው። እኛ ላፕቶፕ የያዝን ሰዎች ነን ይህን ረስተን በመጠይቅ የምንደክመው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ምረጡ፤ ሁለት አይሁን። ሞተረኛው አንድ ቦታ አሥር ቤት ቢያደርስ ወጪው ይቀንሳል። ሁለታችሁንም ከማያውቁ 40 ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ለአራት ሳምንት፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሁለት ኪሎ፣ ግማሹ ክፍያ አሁን በቴሌብር በሏቸው። ዋጋው ማድረሻውን ጨምሮ እውነተኛው ዋጋ ይሁን። የመክፈቻ ቅናሽ፣ አንድ ሲገዙ አንድ በነጻ፣ እነዚህን ተዋቸው። ቅናሽ ካደረጋችሁ የምትለኩት ቅናሹን ነው። ዘመድ ሊገዛ ከመጣ አመስግናችሁ መልሱት። ይህን የሚያክል ሙከራ ከቀራችሁ ብር ትንሽ ቆርጣችሁ የምትሠሩት ነው፤ 30 ሺህ ብር አካባቢ በጅቱለትና ከዚያ አትለፉ።

ስንት ሰው ቀብድ ከከፈለ ነው ጥሩ የሚባለው? ይህን አሁኑኑ፣ ሙከራው ሳይጀመር፣ ወረቀት ላይ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ካለቀ በኋላ ከሆነ የፈጠራችሁትን ነገር ስለምትወዱት ሦስት ሰውም ብዙ ይመስላችኋል። እኔ ብሆን ከ40 ሰው ቢያንስ አሥር ቀብድ እንዲከፍል፣ ከከፈሉት ደግሞ ቢያንስ ግማሹ ሳንጎተጉተው ለሁለተኛው ወር እንዲከፍል እፈልግ ነበር። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይበልጣል። አንዴ የገዛ ሰው ጓጉቶ ሊሆን ይችላል። ደግሞ የከፈለ ግን ምርጫውን አድርጓል። የማይቀጥሉትንም ጠይቋቸው። ሽንኩርቱ መቼ እንደተከተፈ፣ የከተፈው ሰው እጁን ታጥቦ እንደሆነ፣ ሳይጠቁር ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚጨነቁ ይኖራሉ። ገበያ ሄዳ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ጨብጣ የምትመርጥ ሴት የማታውቀውን ሰው ቢላዋ በቀላሉ አታምንም።

ሒሳቡንም ከዚያው ጋር ሥሩ። ለምሳሌ ከሁለት ኪሎ ሽንኩርት 60 ብር አትርፋችሁ ሞተረኛው 120 ብር ከወሰደ፣ ደንበኛ በበዛ ቁጥር ኪሳራው ነው የሚበዛው። ዌብቫን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት የገባበት ጉድጓድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሥርቶ የአስቤዛ ዕቃ በኢንተርኔት ይሸጥ ነበር። በ1999 የመጀመሪያው ከተማ ላይ ሥራው ገና ሳይጠና፣ በየከተማው መጋዘን እንዲሠራለት ቤክቴል ከተባለው የግንባታ ኩባንያ ጋር የ1 ቢሊዮን ዶላር ውል ገባ። በሐምሌ 2001 ከሰረ። ሰው አስቤዛ ቤቱ እንዲመጣለት አይፈልግም ማለት አይደለም፤ ዛሬ ያ ንግድ ትልቅ ነው። ማን፣ በየስንት ጊዜው፣ በምን ዋጋ የሚለው ሳይታወቅ ነው መጋዘኑ የተሠራው። የጓደኛሽ 190 ሺህ ብር ማስታወቂያ በእናንተ አቅም ያው መጋዘን ነው።

አሁን ወደዚያ ሦስት ጊዜ ወዳዘዘው ሰው። ዝርዝሩ ላይ ስድስት ኪሎ ሽንኩርት ይላል። ሦስቴም ስድስት ኪሎ። በ16 ቀን ውስጥ። ሦስቱም የመጡት እሑድ ማታ ሲሆን አስተያየት መጻፊያው ላይ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት» የሚል አለ። እናንተ ከ«ሌሎች» ጋር ደባልቃችሁታል። አንድ ቤተሰብ ስድስት ኪሎ ሽንኩርት በሳምንት ምን ያደርግበታል? እኔ ምሳ ቤት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ወይም ለድግስ ምግብ የምታዘጋጅ ሴት።

እንዲህ ያለውን ከሌላው የተለየ ደንበኛ አትናቁት። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ የሚባለው በስልክ ገንዘብ መላኪያ የተወለደው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቮዳፎንና ሳፋሪኮም የተባሉት የስልክ ኩባንያዎች ሙከራውን ሲጀምሩ ዓላማው ሌላ ነበር። ፋውሉ ከተባለ የአነስተኛ ብድር ተቋም የተበደሩ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነው። ሞካሪዎቹ ከ500 አይበልጡም። ሰዎቹ ግን በስልካቸው ከታሰበው ውጭ ሌላ ነገር ይሠሩበት ጀመር። እርስ በርስ ብር ይላላካሉ። አንዱ ለሌላው ዕዳ ይከፍላል። በመንገድ ገንዘብ ይዞ ላለመሄድ እዚህ አስገብቶ እዚያ የሚያወጣም ነበር። ድርጅቱ ይህን ሲያይ «ዓላማውን ስተዋል» ብሎ አላረማቸውም። በመጋቢት 2007 አገልግሎቱ ለሕዝብ ሲከፈት መፈክሩ ስለ ብድር አንድም ቃል አልነበረውም፤ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» ነበር የሚለው።

እንግዲህ የእናንተ ሰው ምሳ ቤት ከሆነ ብዙ ነገር ይለወጣል። ምሳ ቤት ሽንኩርት የሚፈልገው በየቀኑ ነው። የሚከትፍለትን ሰው በገንዘብ ቀጥሮታል፤ ስለዚህ ወጪውን በብር ሊነግርሽ ይችላል፣ አንቺም ከዚያ በታች መሸጥ ትችዪ እንደሆነ ወዲያው ታውቂያለሽ። ሰባት ወር የፈጀው አፕ ላያስፈልገው ይችላል፤ ማታ አንድ ስልክ ይደውላል፣ አለቀ። በሌላ በኩል ምሳ ቤቶች በዱቤ መግዛት ይወዳሉ፣ ዋጋም አጥብቀው ይከራከራሉ፤ እሱንም ከወዲሁ እወቂው። ወይም ደግሞ ግምቴ ስህተት ሆኖ ሰውየው ስምንት ልጅ ያለው አባት ሊሆን ይችላል።

አድራሻው ዝርዝሩ ላይ አለ። የሚቀጥለውን ስድስት ኪሎ ለሞተረኛው አትስጪው። ራስሽ ይዘሽው ሂጂ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ። በሩን ማን እንደሚከፍትልሽ፣ ሽንኩርቱ የት ድስት ውስጥ እንደሚገባ፣ እናንተን ከማግኘቱ በፊት ማን ይከትፍለት እንደነበርና በቀን ስንት ይከፍለው እንደነበር አይተሽም ጠይቀሽም ጻፊልኝ። ጓደኛሽንም ይዘሽው ሂጂ።